የጽሕፈት መኪና ያስተማርኩበት ክረምት

አሶሳ የሄድኩት ለሁለት ወር ተኩል ብቻ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ አንዲት ሴት በከፈተችው የታይፕ ማስተማሪያ ቤት እሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ ተማሪ ስለሚጠፋ ባለቤቷ ቤቱን ትዘጋለች፤ እኔም እስከ መስከረም እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ዝናብ አያለሁ። በዚያ ዓመት ግን ከአሶሳ ደብዳቤ መጣ። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ቢሮዎች ተከፍተዋል፣ ኃላፊዎች ተሹመዋል፣ ማኅተሙም ተቀርጿል፤ ማኅተሙ የሚያርፍበትን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ከየወረዳው ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ተሰብስበው በክረምቱ የጽሕፈት መኪና እንዲማሩ ታስቧልና አንድ አስተማሪ ይላክልን ይላል።

ባለቤቷ ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ አቀበለችኝ።

"በይ ሂጂ። ባልና ልጅ የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጊምቢ ወዲያ ሄጄ አላውቅም። አውቶቡሱ ነጆ ላይ አንድ ጎማ፣ መንዲ ላይ ሌላ ጎማ ቀየረ፤ መንዲ አድረን በማግስቱ ዳቡስን ተሻገርን። ባምባሲን ስናልፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀርከሃ ብቻ ሆነ። ዝናቡ ሲመታው ደኑ በሙሉ አንድ ላይ ይጎነበሳል፣ አንድ ላይ ይነሳል። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ "ልጄ፣ ወዴት ነሽ?" ሲሉኝ "አስተማሪ ነኝ" አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበረ ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ።

ሥልጠናውን የሚያስተባብረው ሰው ጎጃሜ ነበር። ከረባት አስሮ ከታች ቡት ጫማ አድርጎ ነው የተቀበለኝ። ያን ክረምት በሙሉ ከረባቱም ቡት ጫማውም ከላዩ ሲወርዱ አላየሁም። ክፍሉን አሳየኝ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ አሉ።

"የጽሕፈት መኪኖቹስ?" አልኩት።

"ተጭነዋል።"

"የት ደረሱ?"

"መንገድ ላይ ናቸው።"

"መንገዱ የቱ ጋ?"

"መምህርት፣ መንገድ ላይ ናቸው አልኩሽ እኮ!" አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ።

በማግስቱ ሰልጣኞቹ ገቡ። ሃያ ሁለት ናቸው። ከሁለቱ በቀር ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል። ከባምባሲ የመጡት "አካም ቡልቴ" ብለው በእናቴ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። ጠመኔ አንስቼ ስሜን ጻፍኩና ድምፄን ወፈር አድርጌ፣

"ከመካከላችሁ መኪና የሚያውቅ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ።

ከፊት የተቀመጡ ሰው እጃቸውን አወጡ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ የበርታ ሰው ናቸው።

"እኔ መኪና ያውቃል፣ ኡስታዛ።"

ኡስታዛ ማለት አስተማሪት ማለት መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ። "የት ተማሩ?" አልኳቸው።

"ሆሞሻ። ሃያ ዓመት ሠራ።"

ደነገጥኩ። እኔ ከተማርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራን ሰው ምን ላስተምር? ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከኋላ "ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ቲቸር! የልብስ መኪና ነው የሚያውቁት!" አለ።

ሰውየው ምንም አልከፋቸውም። "መኪና መኪና ነው" አሉ። "እጅ አለ፣ ዓይን አለ፣ እግር አለ።"

"ለዚህኛው እግር አያስፈልግም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እሱ ጥሩ ነው። እግር ያርፋል።"

ወረዳቸው ለቢሮው ጸሐፊ ሲፈልግ አማርኛም ዓረብኛም መጻፍ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የስፌት መኪናቸውን ለወንድማቸው ልጅ አደራ ሰጥተው መጡ።

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችው ደግሞ ከመተከል የመጣች የጉሙዝ ልጅ ነበረች። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ከሁለቱ አንዷ ናት። ከግልገል በለስ አሶሳ ለመድረስ አዲስ አበባን ዞራ ነው የመጣችው፤ ከክልሏ ወጥታ ሌሎች ክልሎችን አቋርጣ እንደገና ወደ ክልሏ ገባች። ስንት ቀን እንደፈጀባት ስጠይቃት በጣቶቿ ቆጠረችና "ለመቁጠርም ይደክማል" አለችኝ። ለምን ታይፕ መማር እንደፈለገች ጠየቅኳት።

"ማመልከቻ በእጄ ስጽፍ ሰው 'ማን ጻፈልሽ?' ይለኛል። በመኪና ከተጻፈ ማንም አይጠይቅም።"

መኪኖቹ በመጀመሪያው ሳምንት አልመጡም። በሁለተኛውም አልመጡም። የቢሮውን ብቸኛ የጽሕፈት መኪና ከሥራ ሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ተበድረን ዙሪያዋን ቆመን እናያታለን፤ እንደ ሙሽራ ነው የምናያት፣ መንካት የለም። ስለዚህ በካርቶን ላይ የፊደሎቹን ቦታ ሥዬ አደልኩ። የአሶሳ እርጥበት ካርቶኑን በሦስት ቀን እንደ ገንፎ አደረገው። በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ከዘመዳቸው ቤት አንድ የተጠቀለለ አቡጀዲ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ፊደሎቹን በሙሉ በየቦታቸው፣ ክብ ክብ ውስጥ አድርገው፣ በሰማያዊ ክር ሰፍተዋቸዋል። አንድም አልተሳሳቱም። ክፍሉ ሁሉ ተነስቶ ከበባቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ለሃያ ሁለቱም ደረሰ፤ ገበያው ውስጥ ያለ ወዳጃቸው የስፌት መኪናውን አበድሯቸው ነበር።

በዚያ ጨርቅ ላይ ጣት ማስተማር ጀመርኩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት እያልኩ ስሄድ ልብስ ሰፊው አስቆሙኝ።

"ለምን ሌባ? ምን ሰረቀ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ክፍል "መርማሪው ጣት" ተባለ፤ ማን እንዳወጣው ረሳሁት፣ ብቻ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰልጣኝ ነበረን፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲጀምር ብጮህም አይሰሙኝም። ሁለት ቀን ጉሮሮዬን አቃጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ወጣሁና እጄን አነሳሁ። ነቀምቴ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ መሪያችን ስታስዘምረን በጣቷ ነበር የምትጠራን፤ እሷን አስታወስኩ። የቀኝ እጄን መርማሪ ጣት ሳነሳ ሃያ ሁለት ሰው የቀኝ እጁን መርማሪ ጣት ጨርቁ ላይ ይጥላል። የግራ ትንሿን ሳነሳ የግራ ትንሿ ትወርዳለች። ድምፅ የለም፤ ያለው የዝናቡ ብቻ ነው። አስተባባሪው በመስኮት ብቅ ብሎ ብዙ ቆየ። ዝናቡ ሲያባራ ገባና፣

"መምህርት፣ ምን እያስተማርሽ እንደሆነ ዋናው ቢሮ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?" አለኝ።

"ታይፕ በላቸው።"

"እኔስ ጸሎት መስሎኝ ነበር" አለ።

መኪኖቹ የመጡ ዕለት ጠዋት አንድ ሰው እየሮጠ ገብቶ "የጭነት መኪናው ከከተማው በታች ጭቃ ውስጥ ገብቷል!" አለ። ክፍሉ ሳያስፈቅደኝ ተነሳ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው። የጭነት መኪናው በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል፤ ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይበላል። ስምንት ሳጥን አለ። አንዱን ለሁለት ስናነሳው ጭቃው እስከ ጉልበታችን ዋጠን። የመተከሏ ልጅ አየት አደረገችንና ወደ ቀርከሃው ሄደች። አንድ ወፍራም እንጨት ቆርጣ ተመለሰች። በሁለቱ ጫፎች ሁለት ሳጥን በገመድ አንጠልጥላ እንጨቱን ትከሻዋ ላይ አደረገችና፣ ወገቧን ወዝወዝ እያደረገች፣ ዳገቱን እንደ ባዶ እጅ ወጣችው። ከእኛ ወንዶቹ አንዱ እሷ እንዳደረገችው ልሞክር ብሎ አንዱ ጫፍ ከፍ፣ አንዱ ጫፍ ዝቅ ሲልበት ዞሮ ዞሮ በቂጡ ተቀመጠ። ሳጥኖቹን ግን አልለቀቀም። እሷ ሦስቴ ተመላልሳ ስድስቱን አደረሰች፤ ሁለቱን እኛ ሃያ ሁለታችን ተረባርበን አደረስን። ይህን ስትተርክ "እናንተም ረድታችሁኛል" ትላለች።

በማግስቱ የመጀመሪያው ወረቀት ገባ። ሁሉም የፊደሎቹን ቦታ በልብ ያውቀዋል፤ ድምፁን ግን አልሰማም። የመጀመሪያው "ጠቅ" ሲል ከባምባሲ ከመጡት መካከል አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ፤ ከዚያ ሳቁ። የመተከሏ ልጅ ፊደሉን በኃይል ስለምትመታ ወረቀቷ ይበሳል፤ ወደ መስኮቱ ስታነሳው ጽሑፉ በብርሃን የተጻፈ ይመስላል። ልብስ ሰፊውም እግር ያርፋል ብለውት የነበረው ነገር አልሆነላቸውም። ጣታቸው ከላይ ሲሠራ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ይነዳል። ፍጥነት ሲጨምሩ እግራቸውም ይፈጥናል። ማስቆም አልቻሉም፤ እኔም ተውኳቸው።

ጥፋት ያጠፋሁት በቃል እየነገርኩ ማጻፍ ስጀምር ነው። "ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጻፈች" ስል ልብስ ሰፊው "ጸሐፊው ደብዳቤውን ጻፈ" ብለው ይጽፋሉ። በቀይ አርሜ እመልሳለሁ፤ በማግስቱ ያው ነው። እኔንም "አንተ" ነው የሚሉኝ። እስክሪብቶዬ ቀይ ስለሆነ ይሁን፣ ዝናቡ ስለሰለቸኝ ይሁን፣ አንድ ቀን ወረቀታቸውን ከፍ አድርጌ፣

"ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ሴት የሚባል ፍጥረት የለም እንዴ?" አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው አራት ቦታ አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ባዶ ቦታቸውን እያየሁ አስተማርኩ። እኔ ራሴ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ አባቴ በሬ ተናገሪ ተብዬ "በሬዋ ታርሳለች" ብዬ ክፍሉ ሲስቅብኝ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተናገርኩም። አስተማሪው ፈገግ ሲል ዛሬም ይታየኛል። አሁን ደግሞ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የመተከሏን ልጅ "ሆሞሻ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?"

"አዎ።"

"እሄዳለሁ። ይቅርታ ሲጠየቅ ማየት ደስ ይለኛል" አለች።

እህል ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጥተን ደረስን። መፈለግ እንኳ አላስፈለገንም። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ በቀኝ በግራቸው ነጭና አረንጓዴ ጨርቅ ተቆልሏል፤ ሴቶችና ልጆች ከበዋቸዋል። ሲያዩን ብድግ አሉ፤ መርፌው ግን በጥርሳቸው መካከል ነበር።

"ኡስታዛ! አንተ መጣ! መርሓባ፣ መርሓባ!"

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። በድዬዎታለሁ፣ በሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም፣ ተቆጥተው ቢቀሩ እውነትዎን ነው፣ ምናምን። እሳቸው አንዴ እኔን አንዴ ልጅቷን ያያሉ።

"የምን ቁጣ?" አሉ በመጨረሻ። "ነገ መውሊድ ነው! ልጅ ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። የወንድሜ ልጅ ብቻውን አልቻለም። ለአስተባባሪ ነገርኩ፣ አራት ቀን ስጠኝ አልኩ፣ እሺ አለ። አልነገረህም?"

አልነገረኝም። ያ ባለ ከረባት ረስቶታል። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ያለው በከንቱ ነበር። የመተከሏ ልጅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ከእፍረትና ከደስታ የተነሳ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እሳቸው ግን "ያኔ ትንሽ ከፋኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እሱና እሷ አውቃለሁ። ወላሂ አውቃለሁ። ግን ምላስ ሲሮጥ እሷ ከኋላ ይቀራል።" ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡልኝ። "ቁጭ በል። ዛሬ አንተ ተማሪ ነው።"

የስፌት መኪና ነክቼ አላውቅም። እግሬን አሳረፍኩ፤ ጎማው ወደ ኋላ ዞረና ክሩ ተበጠሰ። እንደገና ሰኩልኝ። እንደገና በጠስኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ፤ አንዷ በበርታኛ አንድ ነገር ብላ ሌሎቹ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አሳቀቻቸው። ልብስ ሰፊው አልሳቁም። ከሥር ካለው ክምር ውስጥ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አወጡ፤ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩበትና ሰጡኝ።

"ይሄ ጨርቅ ለመበላሸት ነው" አሉ። "እኔ ለተማሪ መጀመሪያ ይሄን ይሰጣል። በደንብ አበላሽ። ሲበቃህ ሌላ እንይዛለን።"

እኔም አበላሸሁት። መስመሩን ስቼ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደ እባብ ሄድኩ። የሚጠብቀኝ፣ የሚቀየመኝ ሰው የለም፤ ጨርቁ ሥራው መበላሸት ነው። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ እግሬና እጄ ተስማሙ። አራተኛው ላይ መስመሩን ተከትዬ ከዳር እስከ ዳር ስደርስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሳቸውም አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ሰጥተው ጠርዙን አሰፉኝ። ከዚያ ሚስታቸው የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረቡልን፤ ቀይ ከርከዴ ጠጣን። አንዲት ትንሽ ልጅ እኔ ጠርዙን የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሳ በበረንዳው ላይ ስትሽከረከር አይቻለሁ። ጠማማ ነበር። እሷ ግን የምታየው አረንጓዴነቱን ነው።

ሰኞ ክፍል እንደገባሁ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ አንድ ወረቀት አደልኩና "ይህ ወረቀት ለመበላሸት ነው፤ አላርመውም፣ አላየውም" አልኩ። መጀመሪያ ወጥመድ መሰላቸው። ከዚያ ግን መኪኖቹ እንደ ጥይት ተንጣጡ። ቀዩን እስክሪብቶ ለአስተባባሪው ሰጠሁት፤ በእሱ ምን እንደሠራ እንጃ። በየቀኑ ከትምህርቱ በፊት አንድ የሚበላሽ ወረቀት አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁለተኛው ወረቀት ከቀን ወደ ቀን ንጹህ እየሆነ መጣ። ልብስ ሰፊው ከመውሊድ ሲመለሱ የአረንጓዴ ቀሚሶቹን ትርፍራፊ በኪሳቸው ሞልተው መጥተው የእያንዳንዱን የጽሕፈት መኪና አቧራ መጥረጊያ ሰፉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አስተባባሪው ጃንጥላውን ሳይዘጋ ክፍል ገባ።

"የምክር ቤት ስብሰባ አለ። ሪፖርቱ መጻፍ አለበት። የቢሮው ብቸኛ ጸሐፊ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ወለደች!"

"ምን ወለደች?" አሉ ከባምባሲ የመጡት ሴትዮ።

"ሪፖርቱ ነው የቸገረኝ እኔ!" አለ። "አርብ ይፈለጋል።"

ዕለቱ ረቡዕ ነው። "አልደረሱም፤ አይችሉም" አልኩት። ይህን ያልኩት በእነሱ ፊት ነበር። የመተከሏ ልጅ ከኋላ ተነሳች።

"ቲቸር፣ እኛን ሳትጠይቂን?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ሃያ ሁለቱም ያዩኛል። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ገጾቹን እነሱ ተከፋፈሉ። ከንጋት እስከ ምሽት ስምንቱ መኪኖች ዝም አላሉም፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ በቆሎ ይጠብሳል። የእኔ ሥራ ካርቦን ወረቀት ማቀበል ብቻ ሆነ።

ልብስ ሰፊው በጣም ይጠነቀቁ ነበር። አሁን ከፍራቻ የተነሳ ሁሉንም ሴት አደረጉት። ገጻቸው ላይ "የክልሏ ምክር ቤት" አለ፤ "መንገዷ ተጠግናለች" አለ፤ "ሆስፒታሏ" አለ። አይቼ ልናገር ስል አስተባባሪው ከትከሻዬ በላይ አነበበ።

"ተዪው" አለኝ። "ቆንጆ ስለሆነች ነው።" ያ ሰው መቀለድ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ አለቀ፤ ግን ገጾቹን የሚያያይዘው የወረቀት መምቻው ሽቦ የለም። ከተማው በሙሉ ተፈልጎ አልተገኘም። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ደራርበው በጣታቸው መዘኑት፣ ወደ ጆሮአቸው አድርገው አገላበጡት፣ "ከኮት ገበር አይወፍርም" አሉና ይዘውት ወደ ገበያ ወረዱ። ሲመለሱ እያንዳንዱ ሪፖርት ከግራ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ክር፣ በደቃቅ የመኪና ስፌት፣ ቀጥ ብሎ ተጠርዟል። የቢሮው ኃላፊ አርብ ጠዋት አንዱን አንስተው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ይህ ከየት ታዘዘ?" አሉ።

"ከሆሞሻ" አለች የመተከሏ ልጅ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ፈተና ሰጠሁ። የመተከሏ ልጅ በፍጥነት አንደኛ ወጣች፤ ወረቀቷም ሳይበሳ። ልብስ ሰፊው ከሁሉም ዘገዩ፤ ስሕተት ያልተገኘበት ወረቀት ግን የእሳቸው ብቻ ነው። ጽሑፉ ውስጥ እሱም እሷም በየቦታቸው ነበሩ። ሁሉም አለፉ። የምስክር ወረቀት የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ የወለደችው ጸሐፊ ገና አራስ ናት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን የምስክር ወረቀት ራሱ ጻፈ። ስማቸውን በመኪና ሲጽፉ የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም። ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው የአባቱን ስም ሲጽፍ አንድ ፊደል ዘለለና ሌላ ወረቀት ለመነኝ፤ ሦስተኛው ላይ ተሳካለት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተወን። ግቢው ውስጥ የበቆሎ እሸት ጠበስን፣ አንድ ሰው ከሆሞሻ የመጣ ማር አቀረበ። ከዚያ ዘፈን ተጀመረ። በበርታኛ ተዘፈነ፣ ከባምባሲ የመጡት በኦሮምኛ ተቀበሉ፣ አስተባባሪው ከረባቱን በአንድ እጁ ይዞ እስክስታ ወረደ። የመተከሏ ልጅ የአገሯን ጭፈራ ስትጀምር መሬቱን በእግሯ የምትመታው አመታት ያንን የመጀመሪያውን ሰሞን ታይፕ ይመስላል። እኔ ያደግኩበት ቤት ጭፈራ አይወደድም፤ ሰርግ ላይ እንኳ መዝሙር ነው ያለው። ጥግ ላይ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። እሷ መጥታ እጄን ያዘች።

"አልችልም" አልኳት።

"ማንም አያርምሽም" አለችኝ።

ገባሁ። እግሬ ከማንም ጋር አልገጠመም። ልብስ ሰፊው ከጎኔ እጃቸውን እያጨበጨቡ "አንቺ ትችላለህ! አንቺ ትችላለህ!" ይሉኛል። ጀንበሯ ከቀርከሃው ጀርባ እስክትወርድ ድረስ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ደጋግሜ ሄጃለሁ። ልብስ ሰፊው የወረዳው ጸሐፊ ሆኑ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በረንዳው ላይ መስፋታቸውን አልተዉም። የመተከሏ ልጅ ግልገል በለስ ባለ ቢሮ ተቀጠረች፤ ቆይታም ሌሎችን ታስተምር ጀመር፣ ክረምት ክረምት፣ እንደኔው። ያን የመጀመሪያውን ክረምት ጨርሼ ነቀምቴ ስገባ ጳጉሜን ነበር። እናቴ በር ላይ አየችኝና ጉንጬን ያዘች።

"ወፍረሻል" አለችኝ። "ምን ቢያበሉሽ ነው?"

"በሳቅ ነው" አልኳት፤ እሷ ግን አላመነችኝም።